መምህሩ ቁምጣ የለበሱ ዕለት

እኔ የምለው… ሁለት ጎልማሶች ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በወሬ በወሬ አንድ ትምህርት ቤት መማራቸውን ሲደርሱበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ አንቱታው ድራሹ ይጠፋል። “አትለኝም! በስንት ዓመተ ምሕረት? እነእንትናን ታውቃቸዋለህ? ያ ጥቁር መነጽር የሚያደርገው የኬሚስትሪ አስተማሪስ?” እየተባባሉ፣ ለቅሶ መምጣታቸውን እስኪረሱት ድረስ ይሳሳቃሉ። በዓይን ቢገሠጹም የሚሰማ የለም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጨዋታ መሃል የተማሩት ትምህርት አይነሳም። “ያቺ የሒሳብ ቀመር እንዴት ነበረች?” የሚል አንድም የለም። የሚነሳው የወላጆች ቀን ላይ ንግግሩ ጠፍቶት መድረክ ላይ የደረቀው ልጅ ነው። የሚነሳው አጥር ሲዘል ሱሪው የተቀደደው ነው። ከሁሉም በላይ የሚነሳው ደግሞ መምህራንና ተማሪዎች ኳስ የተጋጠሙ ዕለት የሆነው ነው። “ቲቸር እንትና… ያን ቁምጣ ለብሰው ብቅ ያሉ ጊዜ!” ይባልና ሳቁ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ቁምጣ ነው።

በእኛ አገር በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው ርቀት የቆየ ነው። “የኔታ” የምንለው ቃል ራሱ “የእኔ ጌታ” ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ወላጅ ልጁን ሲያስረክብ “ቀጥተው ያስተምሩልኝ” ብሎ ነው። የኔታ ሲመጡ ይነሳል፤ የኔታ ሲናገሩ ዓይን መሬት ይተከላል። በዚህ መንገድ ስንት ሊቅ ወጥቶበታልና አናናንቀው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ከዚያኛው የወረሰው ፍርሃቱን ሆነና ቅርበቱን ተወው። የቆሎ ተማሪ የኔታን ቢፈራም ከእሳቸው ጋር አንድ ደጅ ይኖራል፤ ሲታመሙ ያስታምማቸዋል፤ ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ ማታ እሳት ዳር አብሮ ይቀመጣል። የዘመኑ ተማሪ ግን መምህሩን የሚያውቀው 40 ደቂቃ ሙሉ ፊቱን ለሰሌዳ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ነው። መምህሩም ተማሪውን የሚያውቀው በተራ ቁጥር ነው። “23 ቁጥር!” “አቤት ቲቸር!” “የቤት ሥራህን አሳይ!” በቃ፣ ትውውቁ ይኸው ነው።

አባቶቻችን ይህ ዓይነቱ ርቀት ሲበዛ መልካም እንዳልሆነ የገባቸው ይመስለኛል። ለዚህ ነው በዓመት አንድ ቀን የሚፈታበት ሥርዓት ያበጁት። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባል የለ? ጥንጓ መሬት ስትወርድ ጌታና ሎሌ፣ ባላባትና ጭሰኛ አንድ ሜዳ ላይ ዱላቸውን ይዘው ይራኮታሉ። የጌታን ቅልጥም በገና ዱላ ያቀመሰ አሽከር በማግሥቱ አይከሰስም፤ አይባረርም። ጌትየውም እያነከሱ ቤታቸው ይገቡና ጠላቸውን ይጠጣሉ። በማግሥቱ ጌታው ጌታ፣ ሎሌውም ሎሌ ሆኖ ሥራው ይቀጥላል። ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት፣ ላብና ሳቅ አይቷል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው “ጌታ” ብቻ፣ ልጁም “ሎሌ” ብቻ አይሆኑም።

እንግዲህ ጌታን ያላስቆጣ ጨዋታ የእኔን ጌታ፣ “የኔታን” ምን ያስቆጣዋል?

እኔ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በአንድ ክፍል ከ80 በላይ ሆነን፣ በሁለት ፈረቃ የምንጋፋበት ነበር። ስሙን ልተወው፤ የዚያን ጊዜ የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነውና። አንድ ዩኒት ሊደር ነበሩን። ቅጽል ስማቸው “ጉም” ነው፤ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከተፍ ስለሚሉ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው አርፋጅ ይለቅማሉ። ቡናማ ኮታቸውን ከሩቅ ያየ ልጅ ሳል እንኳን ቢመጣበት ይውጠው ነበር። ሲስቁ ያያቸው ስለሌለ “ጥርስ የላቸውም” የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያረፍድ ልጅ ነበር። ስሙን ይቅርታ አድርጉልኝና አልጠራውም። ያረፍዳል፤ “ወላጅ ይዘህ ና!” ይባላል፤ ወላጅ ግን አያመጣም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ከግቢ ውጪ ይቆምና በሆነ አማላጅ ይገባል። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ያረፍዳል። ለምን እንደሚያረፍድ፣ ለምን ወላጅ እንደማያመጣ የጠየቀው የለም። በ80 ሰው መሃል ማን ማንን ይጠይቃል? ዩኒት ሊደሩም ቢሆኑ ከ2 ሺህ በላይ ተማሪ ነበረባቸው። እኛ ልጁን የምናውቀው በአንድ ነገር ነው፤ በረኛ ነው። ያውም ኮረት በበዛበት ሜዳ ላይ፣ ክርኑ እየተላጠ የሚወረወር በረኛ።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ባለቀ ማግሥት፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ፣ የስፖርት መምህራችን ጉድ ይዞልን መጣ። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በሚኒ ሚዲያው “አርብ ከሰዓት በኋላ የመምህራንና የተማሪዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ይደረጋል” ተብሎ ተነገረ። ከዚያም የመምህራኑ አሰላለፍ ተነበበ። “አጥቂ…” ብሎ አንባቢው ትንሽ ቆም አለና የዩኒት ሊደሩን ስም ጠራ። ግቢው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር ሆነ።

አርብ ደረሰች። ያን ዕለት የቀረ ተማሪ የለም። ተቃራኒው ፈረቃ ሳይቀር መጥቷል። ከአጥሩ ውጪ የሰፈር ሰው ተንጠላጥሏል። መምህራኑ ከቢሮ ሲወጡ የሆነውን በጽሑፍ መግለጽ ያስቸግራል። ያን ሁሉ ዓመት በሱሪ የሚታወቅ እግር በአንድ ጊዜ ተገለጠ! የባዮሎጂው መምህር ሸራ ጫማቸውን በሲባጎ አስረዋል። የታሪኩ መምህር ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ሜዳ ገባ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ማሊያው ጠቧቸው እጃቸውን ማውረድ አልቻሉም። ዩኒት ሊደሩ ቁምጣ ለብሰዋል፤ ካልሲያቸው ግን ያው የሥራው ጥቁር ካልሲ ነው። ግራ ተከላካይ ሆነው የገቡት ደግሞ የበር ዘበኛችን ነበሩ። እኚህ በየቀኑ መታወቂያ አሳዩ እያሉን ሰላም የማንላቸው ሰው፣ ለካ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ ቤት ኳስ ተጫውተው ኖሯል። የመጀመሪያዋን ኳስ በደረታቸው አብርደው፣ አንዱን ልጅ በአብዶ ሸውደው ሲያልፉ ሜዳው አበደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ዘበኛው” መባላቸው ቀርቶ ጋሼ ተባሉ።

ጨዋታው ግን መጀመሪያ ላይ ጨዋታ አልነበረም። ተማሪዎቹ መምህሩ ኳስ ይዞ ሲመጣ መንገድ ይለቁለታል። አንዱማ የእንግሊዝኛ መምህሩን ሳያስበው ነክቶ ሲጥላቸው፣ ኳሱን ትቶ “ይቅርታ ቲቸር” እያለ አቧራቸውን ማራገፍ ጀመረ። ይሄኔ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ነፋና መሃል ሜዳ ቆሞ ጮኸ፤ “ስሙ! እዚህ ሜዳ ውስጥ ቲቸር የለም! ያለው 7 ቁጥር፣ 9 ቁጥር ነው!”

አያችሁልኝ? ዓመቱን ሙሉ እኛ በቁጥር ስንጠራ ከርመን፣ ያን ዕለት እነሱ በቁጥር ተጠሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው እውነተኛ ኳስ ነው።

ሁለት ለሁለት ሆነው ሊያልቅ ሲል ለመምህራኑ ሪጎሬ ተሰጠ። የሚመቱት ዩኒት ሊደሩ ናቸው። በረኛው ደግሞ ያ አርፋጅ ልጅ ነው። ኳሷን አስቀምጠው ወደኋላ ሲሉ፣ ልጁ መስመሩ ላይ እንደቆመ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ከገባች ወላጅ አመጣለሁ!” አላቸው።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ጥርስ ነበራቸው፤ ያውም ፍንጭት! እየሳቁ የመቷትን ኳስ ልጁ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ አወጣት። ዩኒት ሊደሩ ሄደው ከወደቀበት አነሱትና እዚያው እንደቆሙ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኛ የሰማነው ቆይቶ ከልጁ ከራሱ አፍ ነው። ሰኞ ጠዋት እንደልማዱ ሲያረፍድ ዩኒት ሊደሩ በር ላይ አሉ። “ወላጅ ይዘህ ና” አላሉትም። ሜዳው ዳር ያለች ድንጋይ ላይ አብረውት ተቀመጡና፣ “እንካ አንተ በረኛ፣ እስቲ ንገረኝ። ወላጅ የማታመጣው ለምንድነው?” አሉት። ነገራቸው። እናቱ ሞተዋል። አባቱን አያውቃቸውም። የሚኖረው ከአልጋ መነሳት ከማይችሉ አያቱ ጋር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ላይ ረዳትነት ይሠራል፤ የሚያረፍደው ለዚህ ነው። ወላጅ የማያመጣው ደግሞ የሚያመጣው ወላጅ ስለሌለው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ጥያቄዋን ለመጠየቅ ግን ሁለቱም ያቺን አርብ ጠበቁ።

ዩኒት ሊደሩ ልጁን በቋሚነት ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛወሩት። መዝገቡ ላይ “ወላጅ ወይም አሳዳጊ” በሚለው ቦታ የራሳቸውን ስም ጻፉበት። ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ዛሬ የራሱ ሁለት ሚኒባስ አለው። ዩኒት ሊደሩ እስካረፉበት ቀን ድረስ በዓል መጥቶ ሳይጠይቃቸው የቀረበት ጊዜ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነገሩን አጋንነህ አወራህ እንዳትሉኝ፤ ኳስ የድኻ ልጅ ችግር ይፈታል እያልኩ አይደለም። ኳሷ ያደረገችው ትንሽ ነገር ናት፤ ሁለት ሰዎች እንዲነጋገሩ በር ከፈተች። የቀረውን የሠሩት ሰውዬው ናቸው። ግን እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ በሩ ሳይከፈትላቸው ስንቶች ከግቢ ውጪ እንደቆሙ ቀርተዋል?

የእኛ አገር ስፖርት ታሪክስ ቢሆን ያለ ትምህርት ቤት ሜዳና ያለ አስተማሪ መች ይነገራል? የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለ15 ዓመታት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ እጁን አጠፍ የሚያደርጋትም ደብተሩን ይዞ የመሮጥ ልማድ እንደሆነ ዓለም ያወቀው ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉም መጀመሪያ የታወቀችው በትምህርት ቤት ሩጫ ነው፤ በ400 ሜትር ውድድር ወንዶቹን ቀድማ። የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ ያን ሁሉ የኦሎምፒክ ባለድል በልጅነቱ በእጃቸው ያሳለፉት፣ ሥራ የጀመሩት የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ሆነው ነው። እንግዲህ ያቺ በሣምንት አንድ ሁለቴ የምትመጣና፣ የሒሳብ መምህሩ ማካካሻ ሲፈልግ ቀድማ የምትሰረዝ የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አላት።

ግን የእኔ ነገር ሻምፒዮን ስለማፍራት አይደለም። ሻምፒዮኑ ከሺህ አንድ ነው። እኔ የምለው ስለቀሩት 999 ነው፤ ኳስ ሲመቱ ድንጋይ ስለሚመቱት፣ ሲሮጡ ስለሚደናቀፉት፣ ዳር ቆመው ስለሚያጨበጭቡት። እነሱም ቢሆኑ “ትምህርት ቤቴ” የሚሉት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ይህን ስሜት በአንድ ቃል መጥራት ያስቸግራል። “የትምህርት ቤት ፍቅር” ብትሉትም፣ “የእኛነት ስሜት” ብትሉትም ያው ነው። አንድ ልጅ “ትምህርት ቤቱ” ከማለት “ትምህርት ቤታችን” ወደማለት የሚሻገርባት ነገር ናት። “ትምህርት ቤቱ” ያለ ልጅ መስኮት ሲሰበር ያያል፤ “ትምህርት ቤታችን” ያለ ልጅ ማን እንደሰበረው ይጠይቃል።

ይህን ጉዳይ በቅርቡ ለአንድ መምህር ወዳጄ አነሳሁበትና ቀጥ አድርጎ አየኝ። “አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ልጆቹ ፈተና እየወደቁ ስለ ኳስ ታወራለህ?” አለኝ። እውነቱን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ ያልደነገጠ ወላጅ የለም። ወዳጄ ቀጠለ። “ደግሞስ እኔ ደመወዜ ከወር ወር ስለማያደርሰኝ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፣ ማታ ደግሞ ወደ ማስጠናት ስሮጥ ነው የምውለው። ሩጫ ከሆነ የፈለግኸው ሌላ ምን ሩጫ አለ?”

ይቺ ሁለተኛዋ እንኳን መልስ የለኝም። ያልበላን መምህር “ና ቁምጣ ልበስና ልጆቹን አስደስት” ማለት ግፍ ነው። ለመጀመሪያዋ ግን የምለው አለኝ። እናንተ ክፍል ውስጥ “ያልገባው እጁን ያውጣ” ሲባል እጁን ያወጣ ስንት ነበር? እኛ ጋ ማንም! ሁሉም ገብቶት ነው? የለም፤ ፈርቶ ነው። ፈተና ላይ የወደቀው ተማሪ አብዛኛው የወደቀው ያን ዕለት አይመስለኝም፤ “አልገባኝም” ማለት ያፈረ ዕለት ነው የወደቀው። መምህሩ መሬት ላይ ወድቆ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ስቆ ሲነሳ ያየ ልጅ ግን አንድ ነገር ይማራል፤ ለካ መውደቅ የሚያዋርድ ነገር አይደለም! ከዚያ ወዲያ “ቲቸር ይቺ ነገር አልገባችኝም” ማለት ትንሽ ይቀለዋል። እኔ በትምህርት ጉዳይ ሊቅ አይደለሁም፤ ይቺን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ግጥሚያ በኋላ በታሪክ ክፍለ ጊዜያችን የጠያቂው ብዛት ሌላ ነበር፤ ሆዳቸው ቀድሞ ሜዳ የገባውን መምህር ማን ይፈራቸዋል? ያከብራቸዋል እንጂ።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በየሰፈሩ መኖሪያ ቤት ተከራይቶ የተከፈተው ትምህርት ቤት ግቢው ሁለት ሰርቪስ መኪና ካቆመ ሞልቷል። ልጆቹ ዕረፍት ሲወጡ ተራ ይዘው ነው የሚሮጡት። “የስፖርት ቀን” የሚባል ነገር በዓመት አንዴ በኪራይ ሜዳ ይዘጋጅና ለወላጅ ደብዳቤ ይላካል፤ የማሊያ ይህን ያህል፣ የትራንስፖርት ይህን ያህል፣ የምሳ ይህን ያህል… የከፈለ ልጅ በቀለሙ ይሰለፋል፤ ያልከፈለው ያን ቀን “ታምሞ” ይቀራል። መምህራኑ ደግሞ ስም ሲቆጥሩና ፎቶ ሲነሱ ይውላሉ። ይሄ ስፖርት ሳይሆን ሠርግ ነው፤ ያውም መዋጮ ያለበት።

ጎበዝ፣ ነገሩ እኮ ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። አንድ ኳስ፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። ሜዳ ከሌለ ገመድ አለ፤ ገመድ ጉተታ 20 ሜትር ይበቃዋል። ገመድ ካልተገኘ ጠመኔ አይጠፋም፤ የሒሳብ መምህሯ ከ4ኛ ክፍል ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ብትዘል ምን ይላታል? የፔፕሲ ጨዋታስ ቢሆን ኳሱ የካልሲ አይደል? አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ መንገዶች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲደረጉ አይተን የለ? አስፋልቱ ላይ ያ ሁሉ ሕፃን ሲራወጥ የነበረው ቦታ ሲያገኝ ነው። ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ የውስጥ ለውስጥ መንገድን ለሁለት ሰዓት መዝጋት ያቃተው ዳይሬክተር፣ ለሠርግ ድንኳን መንገድ የዘጋውን ጎረቤቱን ይጠይቅ።

ታዲያ ጨዋታውም ወግ አለው። ያየሁትንና የሰማሁትን ልናገር።

አንደኛ፣ ሁልጊዜ “መምህራን ከተማሪዎች” ብቻ ባይሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው እንዲያ ይሁን፤ ሳቁ ከዚያ ነው የሚመጣው። በሁለተኛው ግን ይቀላቀሉ። ኬሚስትሪ መምህሩ በአንድ ወገን ከ9ኛ ክፍል ልጅ ጋር ተሰልፎ፣ “አቀብለኝ! አቀብለኝ!” እያለ ሲለምነው ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

ሁለተኛ፣ መምህር ማለት ጠመኔ የያዘ ብቻ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ዘበኛው ሁሉ ይግቡ። እኛ ዘበኛውን ያገኘናቸው እንዲህ ነው። መምህራን ራሳቸው በሻይ ሰዓት ተራርቀው የሚቀመጡበት ትምህርት ቤት ስንት አለ! አንድ ቡድን ውስጥ ሲገቡ ኩርፊያቸውን የት ያደርጉታል? ኳሷን ማቀበል አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሴቶቹን አጨብጫቢ አድርጎ ዳር ማቆም ይብቃ። ደራርቱን ሜዳ ዳር አቁመናት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን እንላት ነበር? ዊልቸር ላይ ያለው ልጅም ፊሽካውን ይያዝ፤ ዳኛ ይሁን። መምህሩን በቀይ ካርድ የማስወጣት ሥልጣን ያለው ተማሪ በዓለም ላይ ስንት አለ?

አራተኛ፣ የሜዳው ነገር ሜዳ ላይ ይቅር። ዕዳውን በማርክ የሚያወራርድ መምህር ካለ አስቀድሞ አይግባ። ተማሪውም ሰኞ ክፍል ሲገባ “9 ቁጥር!” ብሎ ቢጣራ ቅጣቱን ይቀበል። የገና ጨዋታም እኮ ሕጉ ይኸው ነው፤ ጌታ በዕለቱ አይቆጣም፤ በማግሥቱ ግን ሎሌው ሥራውን ያውቃል። መከባበር የሚፈርሰው በኳስ አይደለም። እንዲያውም ሳይተዋወቁ መከባበር ከመፈራራት ብዙም አይለይም።

አምስተኛ፣ ዕድሜ የገፋውን መምህር ሙሉ 90 ደቂቃ አታስሩጡት። በኋላ ሌላ ታሪክ ይመጣል። 15 ደቂቃ ተጫውቶ ይቀየር፤ ጭብጨባው ለሁሉም እኩል ነው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋንጫ አያስፈልግም። ያሸነፈውም የተሸነፈውም አንድ ላይ ዳቦ በሻይ ይጠጣ። እኛ ያን ዕለት ሻይ የቀዳልን የፊዚክስ መምህራችን ነበር። ስኳር ስንት እንደምንፈልግ እየዞረ ሲጠይቀን፣ ከመሃላችን አንዱ፣ “ቲቸር፣ ይቺን ፈተና ላይ እንዲህ እየዞሩ ቢጠይቁን!” አለው። ሳቀ። ፈተና ላይ ዞሮ አልጠየቀንም፤ የዚያን ሰሞን ግን ቅዳሜ ጠዋት ለፈለገ ሁሉ ማጠናከሪያ ማስተማር ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ አበልም አልተከፈለውም።

የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ይህን ካነበባችሁ፣ ስለ ጀት፣ ስለ ሜዳ፣ ስለ ደብዳቤ ቁጥር የምትነግሩን ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። አላከራክራችሁም። ግን መጋዘናችሁ ውስጥ ነፋሱ የወጣ አንድ ኳስ አይጠፋም። አስነፉት። ቁምጣውን ደግሞ… እሱን ከየቤታችሁ።